ምዕራፍ ሰባት፦ ስድስት ጎራሽና አጉራሹ

ቅዳሜ ጠዋት አዲሱ ገበያ ላይ የመጥረቢያ እጀታ የሚገዛ ገበሬ ማየት ትምህርት ነው። ከሱሉልታ በኩል ወርዶ፣ የተደረደሩትን የወይራና የባሕር ዛፍ እጀታዎች ቆሞ ያያቸዋል። ከዚያ አንዱን ያነሣል። ዋጋ አይጠይቅም፤ መጀመሪያ ይጨብጠዋል። የመሃል ጣቱ ጫፍ መዳፉን ነካ አልነካ ብሎ ያጤናል፣ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች ያወዛውዘዋል። ከወፈረበት ይመልሰዋል፤ ከቀጠነበትም ይመልሰዋል። ብረቱን ቤቱ ትቶት መጥቷል። እንጨቱን የሚለካው በብረቱ አይደለም፣ በእጁ ነው።

ይህ ምዕራፍ ስለ ሽጉጥ ነው፤ ያውም ስለ ተሽከርካሪው፣ አባቶቻችን ስድስት ጎራሽ ስላሉት። በፈቃድ ለራስ መጠበቂያ የያዘው ሰው ሁለት ነገር መምረጥ ይኖርበታል፦ የሚጨብጥበትን እጀታና ጥይት ቶሎ የሚሞላበትን መሣሪያ። ሁለቱንም በመሣሪያው ስምና በመልካቸው የሚመርጥ ብዙ ነው። የመጥረቢያው ገዢ ግን ትክክለኛውን መንገድ ያውቃል። ምርጫው ከእጅ ይጀምራል።

ጎራሽ የተባለበት ምክንያት

አገራችን ለመሣሪያ ስም ስታወጣ ሁለት መንገድ ነበራት። አንደኛው የፈረንጁን ስም አኝኮ የራስ ማድረግ ነው፦ ፉዚ ግራ የተባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ ውጅግራ ሆነ፣ ስናይደር ሰናድር፣ ማንሊከር ምንሽር፣ ለቤል ለበን። ሁለተኛው መሣሪያውን በአጎራረሱ መጥራት ነው፦ አምስት ጎራሽ፣ ስድስት ጎራሽ። ሁለተኛው ስያሜ የነገሩን ልብ ያገኘ ይመስለኛል። ጎራሽ ሁሉ ይርበዋል፤ የጎረሰው ሲያልቅ የሚያጎርሰው ይፈልጋል። ፈረንጆቹ ስፒድ ሎደር የሚሉትን፣ አምስት ስድስት ጥይት በአንድ ጊዜ የሚያስገባውን ትንሽ ዕቃ፣ በዚህ ምዕራፍ አጉራሽ እለዋለሁ። ጥይት አንድ በአንድ መክተት እንጀራን በፍርፋሪ እንደ መብላት ነው፤ አጉራሹ ግን ሙሉውን በአንድ ጉርሻ ያደርሰዋል።

አሜሪካዊው ሳሙኤል ኮልት ተሽከርካሪ ሽጉጡን በአገሩ በባለቤትነት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1836 ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ በርሜሉ አንድ፣ ከኋላው የምትዞር ክብ የጥይት ቋት። ቋቷ በተሽከረከረች ቁጥር አዲስ ጥይት ከበርሜሉ ፊት ለፊት ይመጣል። ሆኖም ሽጉጥ ከጥንትም የቅርብ ርቀትና የመጨረሻ ደቂቃ መሣሪያ ነው። አጼ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሕይወታቸውን ያጠፉበት ሽጉጥ ንግሥት ቪክቶሪያ በቆንስል ካሜሮን እጅ የላከችላቸው ስጦታ ነበር። ጠመንጃው ለጦርነቱ፣ ሽጉጡ ለባለቤቱ የሚባለው ክፍፍል በዚያች ቀን በግልጽ ታይቷል።

ሦስት ዓይነት አፍ

አጉራሽ ከመግዛት በፊት የጎራሹን አፍ ማወቅ ያስፈልጋል። ስድስት ጎራሽ ሁሉ አንድ ዓይነት አፍ የለውም።

የመጀመሪያው ባለ ጎን በር ነው። በዓድዋ ዘመን የጣሊያን ጦር የታጠቀው ቦዴዮ፣ የ1889 እ.ኤ.አ. ሞዴል፣ ከዚህ ወገን ነው። በቀኝ ጎኑ ያለችውን ትንሽ በር ከፍተህ፣ ቋቷን በጣትህ እያዞርክ፣ አንድ ቀለህ አውጥተህ አንድ ጥይት ታስገባለህ። ሰባት ጥይት የሚጎርሰው የሩሲያው ናጋንት፣ የ1895 እ.ኤ.አ. ሞዴል፣ እንዲሁ ነው፤ የፊልሙ ካውቦይ የሚታጠቀው የ1873ቱ ኮልትም እንዲሁ። እነዚህን በአንድ ጊዜ የሚያጎርስ አጉራሽ የለም። በሯ የምታስገባው አንድ ጥይት ነውና፣ ስድስቱን አንድ ላይ ይዞ የሚመጣ ዕቃ መግቢያ አያገኝም። ከአያቱ ሣጥን እንዲህ ያለ ሽጉጥ ያገኘ ሰው ለአጉራሽ የሚያወጣውን ገንዘብ ኪሱ ውስጥ ያቆየው።

ሁለተኛው ወገቡ ላይ የሚሰበረው ነው። የእንግሊዝ ጦር ዌብሊና እሱን ተከትሎ በ1932 እ.ኤ.አ. የመጣው ኤንፊልድ ከዚህ ወገን ናቸው። መቆለፊያውን ገፍተህ በርሜሉን ወደ ታች ስትሰብረው ቋቷ ሙሉ በሙሉ ትገለጣለች፣ ቀለሆቹም በአንድ ጊዜ ብቅ ይላሉ። ለዚህ ዓይነቱ ፕሪዶ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1893 አጉራሽ ሠርቶለታል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት አንዳንድ መኮንኖች ከዌብሊያቸው ጋር ይዘውት ዘምተዋል። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከጎጃም በኩል በእንጦጦ አድርገው አዲስ አበባ ሲገቡ አብረዋቸው የመጡት የእንግሊዞች ጦር ሠራዊት የጎን መሣሪያ ይኸው ወገቡ ላይ የሚሰበረው ሽጉጥ ነበር። ከአዲሱ ገበያ ብዙ የማይርቀው ዊንጌት ትምህርት ቤት ስሙን ያገኘውም ያንን ዘመቻ ከመሩት መኮንን ነው።

ሦስተኛው ቋቷ ወደ ግራ ጎን የምትወጣው ነው። ኮልት በ1889፣ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ1896 እ.ኤ.አ. ያወጡት አሠራር ነው፤ ዛሬ ለራስ መጠበቂያ ተብሎ የሚሠራው ተሽከርካሪ ሽጉጥ አብዛኛው በዚሁ መንገድ ይሄዳል። መክፈቻውን ትጫናለህ፣ ቋቷ በግራ በኩል ትወጣለች፣ ከፊቷ ያለውን ዘንግ በመዳፍህ ስትመታው ኮከብ መሳይዋ ማስወጫ ቀለሆቹን ሁሉ ትገፋቸዋለች። ስለ አጉራሽ ከዚህ በኋላ የምለው በዋነኛነት ስለዚህኛው ነው።

የቆርቆሮው ሣጥን

አዲሱ ገበያ አካባቢ የሚኖሩ ጡረተኛ ጎረቤቴ፣ ጋሼ የምላቸው፣ በስማቸው ፈቃድ ያለው ባለ 6 ጥይት አሜሪካ ሠራሽ ሽጉጥ አላቸው። አንድ ቀን ቡና ላይ ስለዚህ መጽሐፍ ስናወራ ተነሥተው ገቡና የብስኩት ቆርቆሮ ይዘው ተመለሱ። ውስጡ ሦስት ጥቁር አጉራሾች፣ አንዲት የጎማ ቅንጣቢና የልምምድ ጥይቶች ነበሩ። ባሩድም ቀስቃሽም የሌላቸው፣ ለመማሪያ ብቻ የተሠሩ ናቸው።

«ይኸው ልጄ፤ ሰው ሁሉ የሰጠኝን አጠራቅሜ አንዱም አልሠራልኝ አለ። አንተ መጽሐፍ ትጽፋለህ፤ እስቲ ምክንያቱን ንገረኝ» አሉኝ።

«መጀመሪያ ሽጉጡ ባዶ መሆኑን አብረን እንይ፣ ጋሼ።»

ቋቷን አውጥተው ወደ መስኮቱ አዞሯት፤ በስድስቱም ቀዳዳ ብርሃን ታየ። እኔም አየሁ። እውነተኛ ጥይት በዚያ ክፍል አልነበረም፤ ተቆልፎ በሌላ ክፍል ነበር። ይህ ከማንኛውም ምርጫ የሚቀድም ልማድ ነው፦ እጀታ ስትሞክርም፣ አጉራሽ ስትለካም፣ ባዶነቱን ሁለት ሰው ቢያየው ይሻላል።

የመጀመሪያው አጉራሽ ምስጢር ወዲያው ተፈታ። የአምስት ጥይት ነበር። ትንንሾቹ የኪስ ሽጉጦች ቋታቸው ጠባብ ስለሆነ አምስት ብቻ ይጎርሳሉ፤ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ1950 እ.ኤ.አ. ያወጣው ትንሹ ሽጉጥ ለዚህ ምሳሌ ነው። አምስቱን በስድስት ማስገባት አይቻልም፤ ስድስት ሆኖም የቋቷ ስፋት ከተለያየ በቀዳዳና በቀዳዳ መካከል ያለው ርቀት ይለያል። ስለዚህ አጉራሽ የሚገዛው «ለስድስት ጎራሽ» ተብሎ አይደለም፤ ለዚያ ፋብሪካ፣ ለዚያ ሞዴል፣ ለዚያ የጥይት ዓይነት ነው።

የጥይቱ ዓይነት ብዙ ሰው ያሳስታል። እንግሊዙ ኤንፊልድ የሚጎርሰውም «38» ነው፣ አሜሪካዊው ስፔሻልም «38» ነው። ቁጥሩ አንድ ይሁን እንጂ ጥይቶቹ አንድ አይደሉም፤ የእንግሊዙ አጭርና ወፈር ያለ ነው፣ የአሜሪካው ረዘም ቀጠን ይላል። አንዱን በሌላው ሽጉጥ መሞከር አደጋ ነው። በቀለሁ ቂጥ ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ በርሜሉ ላይ ካለው ጋር አስተያይቶ ማንበብ ግዴታ ነው፤ ዕድሜ የጠገበ መሣሪያ ከሆነ ደግሞ ማንበቡ ብቻ አይበቃም፣ አዋቂ ማየት አለበት።

አራት ዓይነት አጉራሽ

ሁለተኛው የጋሼ አጉራሽ የሚጠመዘዝ ነው። ጥይቶቹን በቀዳዳዎቹ ላይ አድርሰህ ከኋላው ያለችውን ጉብ ያለች መያዣ ስታዞራት ይለቃቸዋል። ጠንካራ ነው፣ ዋጋውም ቀለል ይላል፣ ለብዙ ዓይነት ሽጉጥ ይገኛል። ጉድለቱ መዞሯ ነው። እጅ ሲያልበው ወይም ሲርገበገብ የምታዞረው መያዣዋን ይሁን ቋቷን ይምታታብሃል፤ ቋቷ ራሷ ተሽከርካሪ ናትና።

ሦስተኛው የሚገፋ ነው። መሃሉ ያለው ቁልፍ ከቋቷ መሃል ጋር ሲጋጭ ጥይቶቹን በራሱ ይለቃል፤ የሚጠበቅብህ ወደ ፊት መግፋት ብቻ ነው። እጅ በድንጋጤ ውስጥ የሚያውቀው እንቅስቃሴ መግፋትና መጨበጥ ስለሆነ ይህኛው ለፍርሃት ጊዜ ይስማማል። ጉድለቱ ቅንነትን መፈለጉ ነው፤ ዘንበል ካለ አንዱ ጥይት ቀርቶ አምስቱ ይገባሉ፣ ቋቷም አልዘጋ ትላለች።

አራተኛዋ የጎማ ቅንጣቢዋ ናት። ጥይቶቹ በአንድ መስመር እንደ ዶቃ ይሰካሉ። ሁለት ሁለቱን አስገብተህ ጎማዋን ወደ ጎን ትላጣታለህ። ከክቦቹ ትዘገያለች፤ ግን ጠፍጣፋ ናት። ክብ አጉራሽ ኪስ ውስጥ ሎሚ የከተትክ ያስመስላል፤ ቅንጣቢዋ በኮትና በሸሚዝ ኪስ አትታይም። ፈጣኑን አጉራሽ ገዝቶ አስቸግሮኛል ብሎ ቤቱ ከሚተወው ሰው፣ ዘገምተኛዋን ይዟት የሚወጣው የተሻለ መርጧል።

በቆርቆሮው ውስጥ ያልነበረ አንድ ዓይነት አለ፦ ጨረቃ መሳዩ ቆርቆሮ። ታሪኩ ከ1917 እ.ኤ.አ. ይነሣል። አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ባለ ካዝናው ሽጉጧ አልዳረስ ስላላት ኮልትና ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የካዝናውን ጥይት የሚጎርስ ተሽከርካሪ እንዲሠሩ ተደረገ። የካዝና ጥይት ግን ቂጡ ላይ ከንፈር ስለሌለው ማስወጫዋ ኮከብ የምትይዘው ነገር አጣች። መፍትሔው ሦስት ሦስት ጥይት የሚይዝ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ስስ ብረት ሆነ። ዛሬ ሙሉ ጨረቃው ስድስቱንም ይይዛል፤ ብረቱ ከነጥይቱ ይገባል፣ ከነቀለሁ ይወጣል። ፍጥነቱን ጄሪ ሚኩሌክ የተባለው አሜሪካዊ ተኳሽ በ1999 እ.ኤ.አ. አሳይቶታል፦ ስድስት ተኩሶ፣ አጉርሶ፣ እንደገና ስድስት የተኮሰው በ2.99 ሰከንድ ውስጥ ነበር። ግን ጨረቃው ለሱ ለተዘጋጀ ሽጉጥ ብቻ ነው የሚሆነው፤ ኪስ ውስጥ በጥቂቱ ቢጎብጥ ደግሞ ቋቷ አትዞርም። ተወዳዳሪው አሥር ጨረቃ ይዞ ይሰለፋል፤ አንዲቷን ኪሱ የከተተ ሰው አንዲቷ ከጎበጠች ምንም የለውም።

አጉራሽ የቅንጦት ዕቃ አለመሆኑን የአሜሪካ ፖሊስ የተማረው በደም ነው። በሚያዝያ 1970 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ኒውሆል በሚባል ቦታ አራት የአውራ ጎዳና ፖሊሶች በአንድ ሌሊት ተገደሉ። ከመካከላቸው አንዱ የሞተው ስድስት ጎራሹን አንድ በአንድ ሲሞላ ነበር። ከዚያ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ለፖሊሶቹ አጉራሽ ፈቀደ።

ሸክላው አይዋሽም

ስለ አጉራሽ ይህን ስንል ጋሼ ሦስተኛውን፣ የሚገፋውን፣ ደጋግመው ይሞክሩ ነበር። ስድስት ጥይት የሚይዝ፣ ለሞዴላቸው የተሠራ ነው። አሁንም አልገባ አለ። አንደኛው ወገን ሲገባ ሌላው ተንጠልጥሎ ይቀራል።

«ይኸውልህ፤ ይሄም ሞኝ ነው» አሉ።

አጉራሹ ጥፋት አልነበረበትም። ጥፋቱ ያለበትን ለማየት ግን ወደ እጀታው መሻገር ያስፈልጋል።

ተሽከርካሪ ሽጉጥ እንደ ባለ ካዝናው አይደለም። ባለ ካዝናው እጀታው ውስጥ ጥይት ስላለ ቅርጹን ብዙ መቀየር አይቻልም። የተሽከርካሪው እጀታ ውስጥ ያለው ግን ቀጭን ብረትና ሞላ ብቻ ነው፤ ግራና ቀኙ በአንድ ብሎን የተያዘ ልብስ ነው። ልብስ ደግሞ በልክ ይሰፋል።

ልኩ ሦስት ቦታ ይወሰዳል። አንደኛው ከእጀታው ጀርባ እስከ ምላጩ ያለው ርቀት ነው። መምቻውን ሳያነሡ በምላጩ ብቻ ለመተኮስ ጣት ወደ 5 ኪሎ ገደማ መሳብ አለበት፤ መምቻው አስቀድሞ ከተነሣ ግን ከዚያ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ያንን ክብደት የሚስበው የጣት ጫፍ ከሆነ አፈሙዙ ወደ ጎን ይሄዳል። የመጀመሪያው አንጓ ምላጩ ላይ ሳይንጠራራ ማረፍ አለበት። ወፍራም እጀታ ጀርባውን ሸፍኖ ይህን ርቀት ያስረዝመዋል፤ ቀጭን እጀታ ደግሞ ጣትን አሳልፎ ይሰድዳል።

ሁለተኛው የእጅ ከፍታ ነው። የተሽከርካሪው በርሜል ከእጅ በላይ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ሲተኮስ ወደ ኋላ ብቻ ሳይሆን ወደ ላይም ይሽከረከራል። በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት መካከል ያለው ሥጋ እስከሚችለው ከፍ ብሎ መያዝ አለበት። ሦስተኛው ከምላጩ ከለላ በስተኋላ ያለው ክፍተት ነው። በድሮዎቹ ጠባብ እጀታዎች ይህ ባዶ ስለሚቀር ከለላው የመሃል ጣትን አንጓ ይቀጠቅጣል፤ ክፍተቱን የሚሞላ እጀታ ያንን ሕመም ያስቀራል።

ልኩን በዓይን መውሰድ አስቸጋሪ ስለሆነ እኔ የምጠቀምበት ዘዴ ከሠፈራችን የተገኘ ነው። ጉለሌ ውስጥ ቀጨኔ የሸክላ ሠሪ እናቶች መንደር ነው። ከነሱ አንድ እፍኝ የተቦካ ሸክላ ገዝቼ ነበር። በጨርቅ ጠቅልዬ ለጋሼ አቀበልኳቸውና «ልክ ሽጉጡን እንደሚይዙት ጨብጠው ይልቀቁት» አልኳቸው።

ጨበጡት። ሲለቁት ሸክላው እጃቸውን ይዞ ቀረ። ጣቶቻቸው ከገመትኩት ይልቅ አጫጭር ነበሩ። የትንሿ ጣት አሻራ ከሌሎቹ ጥልቅ ነበር፤ የሚይዙት በታችኛው በኩል አጥብቀው ነው ማለት ነው። የአመልካች ጣታቸው አንጓ አብጦ ስለነበር እዚያ ላይ ሸክላው ሰፋ ያለ ጉድጓድ ሠርቷል። እጀታውን ከጎኑ አስቀመጥነው። ከምርጥ እንጨት የተሠራ፣ የተወለወለ፣ ከታች ሰፋ ያለ፣ ለዒላማ ውድድር የሚመረጥ ዓይነት ወፍራም እጀታ ነው። ከሸክላው በግምት የአንድ ጣት ያህል ይወፍራል። ጋሼ ዝም ብለው አዩት።

«ስንት ዓመት የሰው ጫማ ስጫማ ኖሬአለሁ ማለት ነው» አሉ።

ግራው ጎን

አሁን ወደ አጉራሹ። ሽጉጡን ከላይ ሆነን ስንመለከተው የእጀታው ግራ ጎን አናት ላይ አብጦ ቋቷ ወደምትወጣበት ቦታ ገብቷል። ክቡ አጉራሽ ሲጠጋ ከዚያ እንጨት ጋር ይጋጫል፤ ተጋጭቶም ያዘነብላል፤ ስላዘነበለ አይለቅም። ቀለሆቹም ሲወጡ በዚያ ጎን ያሉት ሁለቱ እዚያው እንጨት ላይ እየተደገፉ ይቀሩ ነበር። ጋሼ ለዓመታት አጉራሹን የረገሙት በእጀታው ጥፋት ነው።

እጀታና አጉራሽ ሁለት ገበያ ይመስላሉ፤ ምርጫቸው ግን አንድ ነው። አጉራሽ ያልተሞከረበት እጀታ አይገዛም፤ እጀታ ከተቀየረም አጉራሹ እንደገና ይሞከራል። አዋቂ የሠራው እጀታ ግራ ጎኑ ከላይ በኩል ተፍቆ ሰርጎድ ያለ ነው። ያንን ሰርጓዳ ያላየህበትን እጀታ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ መልሰህ አስቀምጠው።

የተሠራበት ነገርም ይመረጣል። ጎማ ሲተኮስ ግፊቱን ይውጣል፣ ላብ ያለበት እጅም አይሾልክበትም፤ ነገር ግን ልብስ ይይዛል። ጋቢ ወይም ኮት ከላይ የሚደርብ ሰው ጎማው ጨርቁን ጎትቶ ወገቡን ሲያጋልጥበት ይቸገራል። እንጨት በልብስ ላይ ይንሸራተታል፤ በጣም ከተወለወለ ግን በእጅም ላይ ይንሸራተታል። ስለዚህ ነው የድሮዎቹ የእንጨት እጀታዎች በመረብ ቅርጽ የተፈቀፈቁት። የጣት ቦታ ተብሎ የተቦረቦረ እጀታ ደግሞ ያየው ሁሉ ይወደዋል፤ የሚስማማው ግን ጣቱ ቅርጹን ያወጣው ሰው ጣት ለሆነ ብቻ ነው። ለኪስ ተብሎ ያጠረ እጀታ ትንሿን ጣት ከታች አንጠልጥሏት ይቀራል፤ እንደ ጋሼ ጉልበቱ ትንሿ ጣቱ ላይ ያለ ሰው ያጥርበታል።

መብራት ሲጠፋ

በዚያው ምሽት መብራት ጠፋ። አዲስ አበቤ ለዚህ አዲስ አይደለም። ጋሼ ግን ሻማ ከማብራታቸው በፊት «እስቲ አሁን እንሞክር» አሉ። የእንጨት እጀታውን ፈትተው፣ ቤት አስቀምጠውት የነበረውን፣ ሽጉጡ ከፋብሪካ የመጣበትን ቀጭኑን እጀታ አስረውበታል። ከአልጋው ፊት ቆመው፣ ጋቢውን ከታች አንጥፈው፣ በልምምድ ጥይቶቹ ጀመሩ።

የጨለማ ፈተና ብዙ ያሳያል። ቋቷን ሲያወጡ አፈሙዙን ወደ ላይ አንሥተው ዘንጉን አንዴ ጠንከር አድርገው መቱት፤ ስድስቱም ወደቁ። ቀስ ብለህ ከገፋኸው ግን አንዱ ቀለህ ከኮከቧ ሥር ይሾልክና ቋቷን ይቆልፋታል፤ በጣት ፈልፍሎ ማውጣት የሰከንዶች ሥራ አይደለም። ከዚያ አፈሙዙን ወደ ታች፣ ጥይቶቹ በክብደታቸው እንዲወርዱ። የሚጠመዘዘውን ሁለት ጊዜ ጣሉት። የሚገፋውን በሦስተኛው አስገቡት። ቅንጣቢዋን ጣታቸው ዓይን የሆነ ይመስል፣ እየዳሰሱ፣ ሳይጥሉ ጨረሱ።

ከዚያ ቁጭ አሉና «የምትሻለኝ ይቺ ናት። ፈጣኗ አይደለችም፤ ግን የማትወድቀው ናት» አሉ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል። በቀን ብርሃን፣ በሙሉ ልብ፣ በሱቅ ጠረጴዛ ላይ የተመረጠ አጉራሽ አልተፈተነም። በጨለማ፣ በደከመ እጅ፣ ቆመው የሚሞክሩት ነው እውነቱን የሚናገረው። የሚሞከረውም አንድ ቀን አይደለም። ኪስ ውስጥ የከረመ አጉራሽ አቧራና ቃጫ ይይዛል፤ በወር አንዴ አውጥቶ ማራገፍ፣ ጥይቶቹ አለመላላታቸውን ማየት ያስፈልጋል። ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር አይቀመጥም።

የሕግ ልክ

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን ለፈቃድ ያስገዛል። የአባት ወይም የአያት ሽጉጥ ቤቱ ያለ ሰው የመጀመሪያ ሥራው እጀታ መምረጥ ሊሆን አይገባም፤ ፈቃዱ በራሱ ስም መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ከውጭ ዘመድ «አጉራሽ ልላክልህ» ሲልም በሻንጣ ከመምጣቱ በፊት ፖሊስን መጠየቅ ይሻላል፤ የዕቃው ትንሽነት ፍተሻ ላይ አያድንም።

አንድ ነገር ልጨምር። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ራስን ከሕገ ወጥ ጥቃት መከላከልን ይፈቅዳል፤ በአንቀጽ 79 ደግሞ ከልክ ያለፈውን መከላከል ይመለከታል። ልክ የሚለው ቃል እዚህም አልለቀቀንም። ስድስት ጥይት ካለቀ በኋላ ሌላ ስድስት የማጉረስ ችሎታ ያለው ሰው፣ ማጉረሱ የሚያስፈልግበት ሰዓት መሆኑን የመፍረድ ኃላፊነት አብሮ ይሸከማል። አጉራሹ ፍጥነት ይሰጠዋል፤ ፍርዱን ግን ራሱ ማምጣት አለበት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሼ ከኔ ጋር ወደ አዲሱ ገበያ ወጡ። ሽጉጡ ቤት፣ ቁልፍ ውስጥ ነው፤ መሣሪያ ይዞ ገበያ መዞር አያስፈልግም፣ አይገባምም። በኪሳቸው የያዙት የተፈታውን የእንጨት እጀታ ግራ ጎንና የደረቀውን ሸክላ ብቻ ነበር። ትርፉን አስፍቀው በልካቸው ሊያደርጉት ነው። የመጥረቢያ እጀታ የሚጠርበው ሰው ሥራውን ሳያቆም ቀና አለ። እንጨቱን ተቀብሎ አገላበጠው፤ የብሎን ቀዳዳውን አየ፤ የምን እንደሆነ የገባውም ያልገባውም ይመስላል። አልጠየቀም። ሸክላውን ሲያየው ግን ፈገግ አለ፣ ለጋሼም መለሰላቸው።

«ይሄ ደርቆ ጠብቧል፣ አባቴ» አለ፤ መፋቂያውን ጠርሙስ ስባሪ በጉልበቱ ላይ አስቀምጦ መዳፉን ዘረጋ። «እጅዎን ያምጡ።»